በአመክሮ ላይ ላለ የትዳር ጓደኛ ይቅርታ መጠየቅ፦ የአሜሪካ አሠራር

በአመክሮ መፈታት ምን ማለት ነው?

አመክሮ (ፓሮል) ማለት እስረኛ የተፈረደበትን ጊዜ ሳይጨርስ ከማረሚያ ቤት ወጥቶ ቀሪውን በቁጥጥር ሥር እንዲፈጽም መፍቀድ ነው። ፍርዱ አልተነሣም፤ የተለወጠው የሚፈጸምበት ቦታ ነው። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አመክሮ ከኖቬምበር 1 ቀን 1987 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለተፈጸሙ ወንጀሎች ቀርቷል። በምትኩ የመጣው እስራቱ ካለቀ በኋላ የሚጀምር የክትትል ጊዜ (ሱፐርቫይዝድ ሪሊስ) ነው። ከዚያ ቀን በፊት በተፈጸመ ወንጀል የተፈረደባቸው ግን ዛሬም በአሮጌው ሥርዓት ይተዳደራሉ። ከእነርሱ መካከል የዕድሜ ልክ ፍርደኛ የሆነ ሰው፣ ቁጥጥሩ በውሳኔ ካልተቋረጠለት፣ እስከ ዕለተ ሞቱ በአመክሮ ላይ ይቆያል።

የዚህ ኑሮ ሸክም የሚያርፈው በሁለቱም ባለትዳሮች ላይ ነው። ተቆጣጣሪው (ፓሮል ኦፊሰሩ) ቀጠሮ ሳይዝ ቤት ሊመጣ ይችላል። ከተወሰነው ክልል ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለቅሶ ደግሞ ፈቃድ እስኪመጣ አይጠብቅም።

ይቅርታ የማድረግ ሥልጣን የማን ነው?

መልሱ ፍርዱን በሰጠው ፍርድ ቤት ላይ የተመሠረተ ነው። በፌዴራል ወንጀል የተፈረደበት ሰው ጉዳዩ የፕሬዚዳንቱ ነው፤ ሥልጣኑ የተሰጠው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 2 ክፍል 2 ሲሆን፣ ማመልከቻዎችን የሚመረምረው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው የይቅርታ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ሕግ የተፈረደበትም የሚያመለክተው ለፕሬዚዳንቱ ነው።

በክፍለ ግዛት (ስቴት) ሕግ የተፈረደበት ሰው ግን ከፕሬዚዳንቱ የሚያገኘው ነገር የለም። በቨርጂኒያ ሥልጣኑ የአገረ ገዥው ነው። በጆርጂያ ደግሞ አገረ ገዥው ይቅርታ አያደርግም፤ ውሳኔው የአምስት አባላት ቦርድ ነው። ለተሳሳተ ቢሮ የተላከ ማመልከቻ ጊዜ ከማባከን በቀር ጥቅም ስለሌለው፣ ከሁሉ በፊት የፍርዱን ወረቀት አውጥቶ የፍርድ ቤቱን ስም ማንበብ ይገባል።

የሚጠየቀው የትኛው ይቅርታ ነው?

ሙሉ ይቅርታ (ፓርደን) ጥፋቱን ይቅር ይላል፤ በፍርዱ ምክንያት የታጡ መብቶችንም ይመልሳል። ቅጣት ማቅለል (ኮሙቴሽን) ግን ቅጣቱን ብቻ ይቀንሳል፤ ጥፋተኛነቱ እንዳለ ይቆያል። በፌዴራሉ ደንብ ሙሉ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ከእስር ከወጣ አምስት ዓመት ሊሞላው ይገባል፤ በአመክሮ ወይም በክትትል ላይ ያለ ሰው ደግሞ በጥቅሉ ማመልከት የለበትም። ስለዚህ ገና በአመክሮ ላይ ላለ ሰው የሚቀርበው ጥያቄ ቅጣት ማቅለል ነው።

ከእስር ቤት ውጭ ያለ ሰው ቅጣት ይቀልለታል ወይ የሚለው ጥያቄ ይነሣል። በዲሴምበር 2024 ፕሬዚዳንት ባይደን ቅጣታቸውን ያቀለሉላቸው ወደ 1,500 የሚጠጉ ፍርደኞች በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ከእስር ቤት ወጥተው በቤት ውስጥ እስር ላይ የነበሩ ናቸው። አመክሮ ላይ አልነበሩም፤ ሆኖም ከግንብ ውጭ መሆን በር እንደማይዘጋ ያሳያል። አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው፦ ማመልከቻውን የሚመረምረው ሰው «ሰውየው ቤቱ ገብቷል፤ ምን ቀረው?» ብሎ ሊያስብ ይችላል። የማመልከቻው ዋና ሥራ ይህን መመለስ ነው።

ከይቅርታ በፊት የሚሞከረው መንገድ የትኛው ነው?

የፌዴራሉ የይቅርታ ደንብ ሌላ የፍርድ ቤት ወይም የአስተዳደር መፍትሔ እያለ፣ ልዩ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ ቅጣት ማቅለል እንዳይጠየቅ ያዛል። በአሮጌው የፌዴራል አመክሮ ላይ ላለ ሰው መፍትሔው ያለው በፌዴራሉ የአመክሮ ኮሚሽን እጅ ነው። ኮሚሽኑ ሰውየው ከተፈታ ሁለት ዓመት ሲሞላው፣ ከዚያም ቢያንስ በየዓመቱ፣ ቁጥጥሩ ይቀጥል እንደሆነ መመርመር አለበት። አምስት ዓመት ሲሞላ ደግሞ ግዴታው ይገለበጣል፦ ጉዳዩን ሰምቶ ሰውየው ወንጀል ሊፈጽም ይችላል ብሎ ካልወሰነ፣ ቁጥጥሩን ማቋረጥ አለበት።

በአዲሱ የክትትል ጊዜ ላይ ያለ ሰው የሚያመለክተው ለዳኛው ነው፤ ዳኛው ከአንድ ዓመት በኋላ ክትትሉን ሊያቋርጥ ይችላል። ብዙ ቤተሰብ ለፕሬዚዳንት መጻፍን ትልቅ ነገር አድርጎ ሲያስብ ይህን ቅርብ መንገድ ያልፈዋል። ያሳዝናል።

የትዳር ጓደኛ ድርሻ ምንድን ነው?

ቅጹን የሚፈርመው ፍርደኛው ራሱ ነው። የትዳር ጓደኛው ሥራ ማስረጃ ማሰባሰብና የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍ ነው። እዚህ ላይ ሳይታወቅ የሚታለፍ ነገር አለ። ቁጥጥሩ አብቅቶ ሙሉ ይቅርታ ሲጠየቅ የሚያስፈልጉት ሦስት የጠባይ ምስክሮች በሥጋም ሆነ በጋብቻ የማይዛመዱ መሆን አለባቸው። የሚስት ወይም የባል ቃል ሊያያዝ ይችላል፤ ከሦስቱ ግን አይቆጠርም። የሥራ ኃላፊ፣ ጎረቤት ወይም የደብር አስተዳዳሪ መፈለግ የሚገባው ለዚህ ነው።

ደካማ ደብዳቤ «ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ እግዚአብሔርን ይፈራል» ይላል። ይህን ሁሉም ይጽፋል። ጠንካራው ደብዳቤ ቁጥጥሩ ምን እንዳስቀረ በዝርዝር ያሳያል። ለምሳሌ ረጅም መንገድ የሚጓዝ የጭነት መኪና (ትራክ) አሽከርካሪ በሳምንት ውስጥ ብዙ የክፍለ ግዛት ድንበር ያቋርጣል፤ በየጊዜው ፈቃድ የሚያስፈልገውን ሰው ደፍሮ የሚቀጥር ድርጅት ጥቂት ነው። ደብዳቤው ሥራው የተከለከለበትን ቀን ይጠቅሳል፤ የአሠሪውን ወረቀትና የአሁኑን ደመወዝ ደረሰኝ ያያይዛል፤ በዚያ ገቢ የሚተዳደሩትን ልጆችም ይዘረዝራል።

ደብዳቤው ወንጀሉን ማሳነስ የለበትም። የተበደለ ሰው ካለ እርሱም ሐሳቡን ሊጠየቅ ይችላል፤ «ያለ ጥፋቱ ነው የታሰረው» የሚል የቤተሰብ ቃል ከፍርደኛው የጸጸት ቃል ጋር ሲጋጭ የሚጎዳው አመልካቹን ነው። ለፌዴራሉ ማመልከቻ ክፍያ የለም፤ ጠበቃም ግዴታ አይደለም። ገንዘብ ተቀብሎ «ዋሽንግተን ሰው አለኝ» የሚል ደላላ አያስፈልግም።

ዜግነት ለሌለው ሰው ምን ይለወጣል?

በመኖሪያ ፈቃድ (ግሪን ካርድ) ለሚኖር ሰው የሁለቱ ይቅርታዎች ልዩነት ይሰፋል። ቅጣት ማቅለል ጥፋተኛነቱን ስለማያነሣ ከአገር የመባረርን አደጋ አያስቀርም። ከፕሬዚዳንት ወይም ከአገረ ገዥ የተገኘ ሙሉና ቅድመ ሁኔታ የሌለው ይቅርታ አንዳንድ የመባረሪያ ምክንያቶችን ያስቀራል፤ የአደንዛዥ ዕፅ ጥፋትን ግን አይሸፍንም።

የቁጥጥሩ ማብቃት የራሱ ጥቅም አለው። የዜግነት ማመልከቻ አመልካቹ በአመክሮ ላይ እያለ አይጸድቅም።

ጥያቄው ውድቅ ሲሆንስ?

ይግባኝ የለም፤ ምክንያት የመግለጽ ግዴታም የለም። ቅጣት ማቅለል የተከለከለ ሰው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ሙሉ ይቅርታ የተከለከለ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ማመልከት ይችላል። የኮሚሽኑ ዓመታዊ ምርመራ በዚህ ምክንያት አይቋረጥም፤ ለፕሬዚዳንቱ የተዘጋጀው የማስረጃ ዶሴም ለኮሚሽኑ ሊቀርብ ይችላል።