ከክትክታው ዛፍ ሥር መነሣት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው ኀዘን ወይም ሌላ መከራ ከሥራው ያራቀው ሰው ወደ ሥራው ሲመለስ ለራሱ የሚያገኘውን ጥቅም ነው። ለራሱ ማለታችን በምክንያት ነው። ሥራ ለቤተሰብ እንጀራ፥ ለአገርም ልማት እንደሆነ ብዙ ጊዜ ተነግሮናል፤ ልቡ የተሰበረውን ሠራተኛ ራሱን ምን ያደርግለታል ብለን ግን እምብዛም አንጠይቅም።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ሆኖ ያገኘነው የነቢዩ ኤልያስ ታሪክ ነው (1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19)። በቀርሜሎስ ተራራ በጸሎቱ እሳት ከሰማይ ከወረደና የበኣል ነቢያት ካፈሩ በኋላ ንግሥት ኤልዛቤል ልትገድለው ዛተችበት። እርሱም ሸሸ። አገልጋዩን በቤርሳቤህ ትቶ የአንድ ቀን መንገድ ያህል ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ገባ፤ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞቱን ለመነ፤ ከዚያም ተኛ።

እግዚአብሔር በዚህ ጊዜ አልተቆጣውም፤ ሥራህን ለምን ተውህ ብሎም አልወቀሰውም። መልአኩ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በላ፥ ጠጣ፥ ደግሞም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው። ሥራው የመጣው ከምግቡ፥ ከእንቅልፉና ከአርባው ቀን ጉዞ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ልብ እንበል፤ ያዘነን ሰው ገና በሳልስቱ «በል ተነሥ፥ ሥራ ያስረሳሃል» የምንል ችኩሎች አለንና። ቤተ ክርስቲያናችን ሙታንን በሳልስት፥ በሰባት፥ በአርባ፥ በሰማንያና በሙት ዓመት በጸሎት ታስባለች፤ ኀዘን በአንድ ሌሊት እንደማያልቅ ከእኛ ይልቅ ታውቃለች።

ኤልያስ በኮሬብ ዋሻ ሳለ በዚያ ምን እንደሚያደርግ ተጠየቀ። እርሱም ብቻውን እንደቀረና ሊገድሉት እንደሚፈልጉት ተናገረ። ከዚያ በኋላ ነፋሱ፥ የምድር መናወጡ፥ እሳቱና ዝግ ያለው ድምፅ መጡ፤ ጥያቄውም ተደገመለት። የኤልያስ መልስ ግን ያው የመጀመሪያው ነበር። ምዕራፉን በጉባኤ ስናጠና እጅግ ያስደነቀን ይህ ነው። ያን የመሰለ መገለጥ አይቶ እንኳ ልቡ ገና ከዛፉ ሥር አልተነሣም ነበር። እግዚአብሔርም ሌላ ተአምር አላሳየውም፤ ሥራ ሰጠው እንጂ። በደማስቆ ምድረ በዳ መንገድ ተመልሶ አዛሄልን በሶርያ፥ ኢዩን በእስራኤል ላይ እንዲቀባ፥ ኤልሳዕንም በእርሱ ፋንታ ነቢይ እንዲሆን እንዲቀባው አዘዘው። ለበኣል ያልሰገዱ 7000 ሰዎች እንዳሉ የሰማውም በዚያው ትእዛዝ ውስጥ ነው። ብቻዬን ቀረሁ ያለው ሰው ወደ ሥራው ሲሄድ ኤልሳዕን በ12 ጥማድ በሬ ሲያርስ አገኘው። ኤልሳዕም ኤልያስ እስካረገበት ቀን ድረስ አልተለየውም። በዋሻው ቢቀር ኖሮ አንዱ በእርሻው፥ ሌላውም በብቸኝነቱ በቀሩ ነበር። የአዛሄልና የኢዩ ነገር ደግሞ የተፈጸመው በኋላ በኤልሳዕ ዘመን ነው። እንግዲህ ከመከራ የተመለሰ ሰው የሥራውን ሁሉ ጫፍ በአንድ ጊዜ እንዲይዝ አይጠበቅበትም።

በመካከላችን ያየነውንም እንጨምር። ከመዘምራኑ አንዱ ወንድማችን ሽመናን ከአባቱ የተማረ ነው። አባቱ ሲያርፉ የሽመናውን ጉድጓድ በሳንቃ ከደነው፤ ለስድስት ወር ያህልም መወርወሪያ አልነካም፤ ከመዝሙር ጥናትም ቀረ። እኛ በየሳምንቱ እየሄድን እናጽናናው ነበር። እውነቱን ለመናገር የምንጽናናው እኛው ነበርን፤ ተናግረን ስንወጣ ቀለል ይለን ነበርና። አንድ ቀን ጎረቤቱ የሆኑ አዛውንት ሸማኔ መጥተው «ልጄ፥ ድር ላደራ ነው፤ ጫፉን የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ» አሉት። ምክር አልጨመሩም። ሽማግሌን እምቢ ማለት ነውር ስለሆነበት ተነሥቶ ሄደ። በማግስቱም ጠሩት። በሳምንቱ የራሱን ሳንቃ ራሱ አነሣው።

ምን እንዳገኘበት ኋላ ስንጠይቀው አስቀድሞ የነገረን ስለ እንቅልፍ ነው። ቤት ተቀምጦ በዋለበት ቀን ሁሉ ሌሊቱ አይነጋለትም ነበር፤ እግሩ ሲረግጥ፥ እጁ ሲወረውር፥ ዓይኑም ድሩን ሲከተል የዋለ ዕለት ግን ራት በልቶ ተኛ። ሁለተኛው የሚጠብቀው ሰው መኖሩ ነው፤ ጋቢ ያዘዘች እናት መጥታ «የት ደረሰልኝ?» ስትለው የነገው ቀን ስም ያለው ቀን ሆነለት። የመጀመሪያው ሸማ ጠርዙ የተንጋደደ ነበር አሉ፤ እርሱ ራሱ እየሳቀ ነው የሚያወራው።

ከሁሉ ይልቅ የነካን ግን ስለ መወርወሪያው የተናገረው ነው። ያን የአባቱን መወርወሪያ ማየት እንኳ ፈርቶ ነበር፤ በእርሱ መሥራትም አባቱን መርሳት መስሎት ነበር። ሲይዘው ግን እንጨቱ በአባቱ አውራ ጣት ልክ ተበልቶ አገኘው፤ የእርሱም ጣት እዚያው ገባ። ያን ቀን እየሠራ አለቀሰ። አሁንም አንዳንድ ቀን ያለቅሳል፤ ልቅሶው ግን ሥራ ላይ ሆኖ ነው፤ ማጉም ይቀጥላል። ለአባቱ ሙት ዓመት ጧፉን በሸመነበት ገንዘብ ገዛ፤ በዚያ ዕለት ፊቱን ያየ ሁሉ ስለ ጥቅም ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም።

ይሁን እንጂ ኀዘኑን ላለማየት ብሎ ሌሊትና ቀን ሥራ ውስጥ የሚደበቅም አለ። ይህ ሌላ ዋሻ ነው። እንዲህ ላለው ሰው የሚያስፈልገው እንጎቻውና እንቅልፉ እንጂ ተጨማሪ ሥራ አይደለም።

አሁን ይህን የምንጽፍበት ጉዳይ አለን። ትንሽዋ ሱቅዋ በእሳት የተቃጠለባት እኅታችን ከፋሲካ ወዲህ ከቤት አልወጣችም። የመዝሙር ደብተራችንን በየዓመቱ በመልካም እጅዋ የምትገለብጥልን እርስዋ ነበረች፤ የዘንድሮው እስከ ዛሬ አልተጻፈም። ለሌላ ሰው እንስጠው የሚል አሳብ ቀርቦ ነበር፤ ተዉት ብለናል። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤትዋ እንሄዳለን። ምሳ የሚይዙ እኅቶች ተመድበዋል። አሮጌውን ደብተር፥ አዲሱን ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ እኛ እንይዛለን፤ አንዱ እስክሪብቶ አጠገብዋ ተቀምጦ መስመር ለሚያሰምርላት ነው።