የከዋክብት ንፋስና የጋዝ ደመና

የኮከብ ንፋስ ስንል እንደ ምድራችን ያለ አየር ማለታችን አይደለም። ከፀሐይ በብዙ እጥፍ የሚከብድ ኮከብ ብርሃኑ እጅግ ብርቱ ስለሆነ የራሱን የላይኛውን ጋዝ እየገፋ ወደ ሕዋ ይበትነዋል። ንፋስ የምንለው ይህንን ነው። ፍጥነቱም በሰከንድ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል።

እንዲህ ያለ ኮከብ የሚወለደው በአብዛኛው ሃይድሮጅን ከሆነ ቀዝቃዛ ሞለኪውላዊ ደመና ውስጥ ነው። ንፋሱ መጀመሪያ የሚገጥመውም ይህንኑ የወለደውን ደመና ነው። ሲገጥመው የሚሆነውን በሦስት ነጥብ እንመልከት።

አንደኛ፣ ንፋሱ ከፊቱ ካለው ጋዝ ጋር ሲላተም የሩጫው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ጋዙም እስከ ሚሊዮኖች ዲግሪ ይግላል።

ሁለተኛ፣ የጋለው ጋዝ እንደ አረፋ ሲስፋፋ፣ ጎርፍ አፈር ጠርጎ ዳር እንደሚከምር፣ በዙሪያው ያለውን ጋዝ እየጠረገ ይከምረዋል። ክምሩ የአረፋው ቅርፊት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ደመናው በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። ጋዙ በታመቀበት በኩል አረፋው ይገታል፤ በሳሳበት በኩል ያብጣል። ቅርፊቱ ከተቀደደ ደግሞ የጋለው ጋዝ ያመልጥና ግፊቱ ይደክማል። እንግዲህ የአረፋውን ቅርጽ ንፋሱና ደመናው አብረው ይወስኑታል ማለት ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ 1,350 የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቀው የኦሪዮን ኔቡላ የተባለው የጋዝ ደመና ነው። በመካከሉ ቴታ 1 ኦሪዮኒስ ሲ የተባለ ግዙፍ ኮከብ አለ። ከኋላው የታመቀ ደመና ስላለ አረፋው ያበጠው ጋዙ ወደሳሳበት፣ ወደ እኛ አቅጣጫ ነው። በቦይንግ 747 አውሮፕላን ላይ የተተከለው ሶፊያ የተባለ ቴሌስኮፕ ከአብዛኛው የአየሩ እርጥበት በላይ እየበረረ በቅርፊቱ ካለው ካርቦን የሚወጣውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ተቀበለ። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት እንዳሳየው ቅርፊቱ በሰከንድ 13 ኪሎ ሜትር እየሰፋ ነው፤ የያዘው ጋዝም ከአንድ ሺህ ፀሐዮች በላይ ይመዝናል።

ግዙፍ ኮከብ ደመናውን የሚበትነው በሞቱ ጊዜ ሲፈነዳ ብቻ ነው ብለው የሚያስቡ አሉ። የኦሪዮኑ ኮከብ ግን ገና ሳይፈነዳ ደመናውን እየጠረገው ነው። ተጠርጎ የሳሳ ጋዝ በዚያ ስፍራ አዲስ ኮከብ አይወልድም፤ ቅርፊቱ አጥብቆ በጨመቀው ጋዝ ውስጥ ግን ሊወለድ ይችላል። ስለዚህ የከዋክብትን ልደት መረዳት የሚሻ ሁሉ የግዙፉን ኮከብ ፍንዳታ ብቻ ሳይሆን በሕይወት ሳለ የሚነፍሰውንም ንፋስ ይመርምር።