ከቀብር በኋላ ያለው ሥራ
የጥናት ክፍል፦ ዘፍጥረት 50፥1–21

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፥ በነጭ ዓባይ ዳር፥ ከ1997 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያን በንግድና በሆቴል ሥራ ኖረዋል። ከእነርሱ አንዱ የአባቱ መርዶ ሲደርሰው በአውሮፕላን ፈጥኖ ቢነሣም፥ ከትንሿ የትውልድ ከተማው እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ቀብሩ ያልፋል። የሚቀረው ድንኳኑና ለቅሶው ነው። እንግዲህ ዘግይቶ የደረሰው ልጅ ምን ሊያደርግ ይገባዋል?

ዮሴፍም ይኸው ወንዝ በሚያጠጣት በግብፅ አገር እንግዳ ነበረ። ግብፃውያን ለያዕቆብ 70 ቀን አለቀሱለት፤ ዮሴፍም ከፈርዖን ፈቃድ ለምኖ አባቱን በከነዓን በማክፌላ ዋሻ ቀበረው። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አልተፈጸመም። አባታቸው ስለ ሞተ ወንድሞቹ የቀድሞ በደላቸውን አስበው ፈሩ። ዮሴፍ ግን አለቀሰ፥ አጽናናቸውም፤ እነርሱንና ልጆቻቸውንም እንደሚመግብ ተስፋ ሰጣቸው።

ከዚህ የምንማረው፥ ለሟቹ የሚገባው ክብር በቀብር ቢፈጸምም ለሕያዋን የሚገባው ፍቅር ከዚያ በኋላ እንደሚፈተን ነው። ስለዚህ ከሩቅ የመጣው ወንድም ገንዘብ ስላለው አይታበይ። አባቱን ያስታመመችውን እኅቱን፥ የቀበሩትንም የእድር ሰዎች ያመስግን። ስለ ቤትና ስለ መሬት ክርክር ሳይነሣ አስቀድሞ ከወንድሞቹ ጋር ይታረቅ። ለቀብር ያልደረሰ ለዕርቅ ሊደርስ ይችላልና።

ለጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች
1. የዮሴፍ ወንድሞች የፈሩት ስለ ምንድር ነው?
2. በቤተ ዘመዳችን መካከል ከለቅሶ በኋላ የቀረ ቂም አለን?