የዳኛ ወረቀት በሽማግሌ አይሻርም

ልጄ፣

ትናንት በስልክ ስለ ጥበቃ ትዕዛዙ «ወረቀት ነው፣ ምንም አይደል፤ ታርቀን እናበቃዋለን» ያልከኝ እንቅልፍ ነሳኝ። በሚስትህ ላይ ያደረግከውን አላቃልልልህም፤ እሱን ፊት ለፊት ተቀምጠን እንነጋገርበታለን። ቨርጂኒያ ከገባሁ ግን ብዙ ዘመኔ ነው፤ የጥበቃ ትዕዛዝ ከደረሳቸው በኋላ ሕይወታቸውን ያበላሹ ጎልማሶች አይቻለሁ። ረጋ ብለህ አንብበው።

1. ወረቀቱን እስከ መጨረሻው መስመር አንብብ፤ እንግሊዝኛው ከከበደህ የሚያስረዳህ ሰው ፈልግ። ያላነበቡት ወረቀት በጨለማ ካለ ገደል አይሻልም። አስቸኳዩ ትዕዛዝ ሦስት ቀን ገደማ ይቆያል፤ ጊዜያዊው በ15 ቀን ውስጥ ለችሎት ያስቀጥርሃል፤ ከችሎቱ በኋላ የሚሰጠው እስከ 2 ዓመት ሊዘልቅ ይችላል። አንዱ ስለ ልጆች ብቻ እንድትደውል ይፈቅዳል፣ ሌላው ድምፅህን እንዳታሰማ ይከለክላል። ከቀጠሮው አትቅር፤ ባትገኝም ዳኛው ይወስናል።

2. እሷ ብትጠራህም አትሂድ። ትዕዛዙ የሚያዝዘው አንተን ነው፤ የሰጠውም ዳኛው ነው። አንድ የማውቀው ልጅ «ሕፃኑ አተኩሶታል፣ ና» ተብሎ መድኃኒት ይዞ ሄደ። ፖሊስ ደጃፉ ላይ ካቴና ሲያስገባለት እሷ «እኔ ነኝ የጠራሁት» እያለች አለቀሰች፤ ፖሊሱ ግን አልለቀቀውም። ይቅር ብላህ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ግን ለውጡ በጽሑፍ ማመልከቻ ፍርድ ቤት ይቅረብ። ዳኛው እስኪያነሳው ድረስ ትዕዛዙ እንዳለ ነው።

3. ሽማግሌ አትላክ። ይህን ስልህ አፌ ይከብደዋል፤ ያደግነው ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ተቀምጦ ሲያስታርቅ እያየን ነው። እኔም ከዓመታት በፊት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የአንዲት ልጅ በር አንኳኩቻለሁ። ባልየው መንገድ ማዶ መኪናው ውስጥ ይጠብቀን ነበር። ልጅቱ በሩን አልከፈተችም፤ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየችን። ያን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እኛ እርቅ ይዘን የሄድን መስሎን ነበር፤ እሷ ያየችው እሱ ደጇን መልሶ እንዳገኘው ነው። ፖሊስ ጠራች፤ ደግ አደረገች። ወረቀቱ በሰው በኩል መልእክት መላክንም፣ ቤቷ አጠገብ መድረስንም ከልክሎት ነበርና ከመኪናው አውርደው ወሰዱት። የተላክነው እኛ አንገታችንን ደፍተን ቤታችን ገባን። ስለዚህ እናቷን፣ የነፍስ አባቷን፣ የዕቁብ ጓደኛዋን አታስቸግር። በቴሌግራም የምትልከው «እንኳን አደረሰሽ» እንኳ ግንኙነት ነው፤ ታትሞ ችሎት ይቀርባል።

4. የመጀመሪያው ጥሰት ቀላል አይምሰልህ። በቨርጂኒያ ወንጀል ነው፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ያስከትላል። ጥፋተኛ ከተባልክ ዳኛው ሙሉውን እስራት በገደብ ሊያልፍልህ አይችልም፤ ጥቂትም ቢሆን ትገባለህ። በ5 ዓመት ውስጥ ደግመህ ከጣስክና ከሁለቱ አንዱ ጥሰት ኃይል ወይም ዛቻ ካለበት፣ ከ60 ቀን በታች አትታሰርም። መሣሪያ ይዘህ ከጣስክ ወይም እሷ ባለችበት በስውር ቤቷ ከገባህ ነገሩ ከባድ ወንጀል ይሆናል፤ እስከ 5 ዓመት ያስቀጣል።

5. የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ሜሪላንድ መግባት አያድንህም። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የፌዴራሉ ሕግ የአንዱን ስቴት ትዕዛዝ ሌላው እንዲያስከብር ያዛል። ሲልቨር ስፕሪንግ እህቷ ቤት ብትሄድና ልትጥሰው አስበህ ድልድዩን ተሻግረህ ብትጥሰው፣ ክሱ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል።

6. ሽጉጥ ካለህ አስረክብ። ከችሎቱ በኋላ የሚሰጠው ትዕዛዝ ከደረሰህ ያለህ ጊዜ 24 ሰዓት ብቻ ነው።

7. ግሪን ካርድህን አስብ። ብዙዎቻችን የምንስተው ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ፣ ከዛቻ፣ ከተደጋጋሚ ትንኮሳ ወይም ከአካል ጉዳት የሚጠብቀውን የትዕዛዙን ክፍል ጥሰሃል ብሎ ፍርድ ቤት ካረጋገጠ ከአገር ሊያስወጣህ ይችላል። የወንጀል ፍርድ መኖሩን እንኳ አይጠይቅም። የሃያ ዓመት ታክስ ከፋይ መሆንህ መከላከያ አይሆንህም። ክስ ከመጣ «ጥፋተኛ ነኝ» ከማለትህ በፊት ዜጋ አለመሆንህን ለጠበቃህ ንገረው። ከአገር የመባረርን አደጋ ማስረዳት ግዴታው መሆኑን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ወስኗል።

8. ልብስህ እዚያ ቤት ቀርቷል፤ አውቃለሁ። ልታመጣ ብለህ አትሂድ፤ በጠበቃህ በኩል ፍርድ ቤቱን ጠይቅ። እስከዚያ እኔ ጋ ወፍራም ካፖርት አለ፤ ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ መጥተህ ውሰድ። ወረቀቱንም ይዘኸው ና፤ አብረን እናነበዋለን።