ጋላክሲ በሰፌድ ሲታይ



በማስተማር ልምምዳችን ጊዜ ፍኖተ ሐሊብ የተባለውን የእኛን ጋላክሲ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ክብ አድርገን ሣልነው። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ክብ ከሆነ ሰማይ ላይ ለምን እንደ መቀነት ይታያል?» አለችን። እውነቱን ለመናገር መልስ አጣን። ርዝመት፣ ወርድና ውፍረት ያለውን ነገር ውፍረቱን ነጥቀን ነበርና ያስተማርነው ጥፋቱ የእኛ ነው።

በማግስቱ ሰፌድ ይዘን ተመለስን። ሰፌድ ፊት ለፊት ሲያዩት ክብ፣ ሲያዘነብሉት ሞላላ፣ በጠርዙ ሲያዩት ደግሞ ቀጭን መስመር ነው። ፍኖተ ሐሊብም ከዳር እስከ ዳር 100,000 የብርሃን ዓመት ያህል ሲሰፋ፣ የዋናው ገበታ ውፍረት ግን 1,000 ገደማ ብቻ ነው። ፀሐያችን ከመካከሉ 26,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቃ እዚያው ስንደዶው ውስጥ አለች። ልጅቷ ሰፌዱን ተቀብላ ዓይኗን ጠርዙ ላይ አስጠጋችና «ለካ ውስጡ ነን!» አለች። መልሱን ራሷ አገኘችው።

አሁን በሰፌዱ መካከል ከላይም ከታችም ግማሽ ግማሽ ብርቱካን እናስቀምጥ። ይህ የመካከሉ እብጠት፣ ማለትም እምብርቱ ነው። ሶምብሬሮ የሚባለው ጋላክሲ እምብርቱ ትልቅና ድቡልቡል ነው። የእኛው ግን ከነልጣጩ እንዳለ ኦቾሎኒ ወገቡ ሰርጎድ ያለ ነው። ምክንያቱም በመካከሉ ከከዋክብት የተሠራ ረጅም ዘንግ አለ፤ ዘንጉ ሲሽከረከር ከጊዜ ብዛት ከዋክብቱ ወደ ላይና ወደ ታች እየወጡ አሳበጡት።

እንደ ሰፌድ ያልተዘረጉ፣ ሞላላ ጋላክሲዎችም አሉ። እነዚህ እንዲያውም የበለጠ ያታልላሉ። ዕንቁላል በጫፉ ሲያዩት ክብ አይደል? ኤድዊን ሀብል በ1926 እ.ኤ.አ. የመደባቸው ከምድር በሚታየው መልካቸው ነበር። እውነተኛ ቅርፃቸውን ለመገመት የብዙ ጋላክሲዎችን ፎቶግራፍ ማነጻጸርና የከዋክብታቸውን እንቅስቃሴ መለካት ያስፈልጋል።

የሰማይ ጥናት ከየካ አባዶ ሩቅ አይደለም። በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ እንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የመስተዋታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለው በ2007 ዓ.ም. ተመርቀዋል።

እኛ ወደምንመደብበት ትምህርት ቤት ቴሌስኮፕ ላይኖር ይችላል፤ ሰፌድ ግን አይጠፋም።

መልመጃ፦ በመስከረም አጋማሽ፣ ሰማዩ በጠራና መብራት በጠፋበት ምሽት፣ 2 ሰዓት ላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ እንመልከት። መቀነቱ እዚያ ለምን ሰፋና ደመቅ አለ?