የመስክ መረጃ መዝጋቢዎችን ማገናኘትና የግንኙነት ብልሽትን ፈልጎ ማግኘት

መግቢያ

የዝናብ መጠንን፣ የአየር ሙቀትንና የአፈር እርጥበትን በራሳቸው እየለኩ የሚያስቀምጡ መሣሪያዎች፣ ማለትም ዳታ ሎገሮች፣ በምርምር ጣቢያዎችና በገበሬ ማሳ ላይ በሚካሄዱ ሙከራዎች ያገለግላሉ። በዚህ ጽሑፍ «መዝጋቢ» እያልን እንጠራቸዋለን። መዝጋቢው የለካውን ይዞ ማሳ ላይ ቢቀር ጥቅሙ ግማሽ ነው። መረጃው ውሃ ከሚጠጣበት ወይም መድኃኒት ከሚረጭበት ቀን በፊት ጣቢያው ሊደርስ ይገባል። ጽሑፉ የተዘጋጀው መዝጋቢዎችን ለሚተክሉና ለሚጠብቁ የመስክ ረዳቶችና የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ነው። የኤሌክትሪክ ሙያ ያለው ሰው አይጠይቅም፤ አንድ ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮና የእጅ ስልክ ይበቃሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ መረጃ መምጣት አቆመ ማለት መለካት ቆመ ማለት አለመሆኑ ነው። ይህን የተማርነው በጉዳት ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በመረሬ አፈር ላይ የስንዴ ማሳ ውሃ ማጠንፈፊያ ሙከራ ነበረን። ሐምሌ 20 ቀን የዝናቡ መረጃ ተቋረጠ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር እስከ ነሐሴ 8 ቀን አልሄድንም። እንደደረስንም ፕሮግራሙ የተበላሸ መስሎን አዲስ ፕሮግራም ጫንን። ብዙ መዝጋቢዎች አዲስ ፕሮግራም ሲጫንባቸው በውስጣቸው ያለውን መረጃ ይደመስሳሉ፤ የእኛም እንዲሁ አደረገ። በኋላ ስንመረምር የተበላሸው የአንቴናው መጋጠሚያ ብቻ ነበር፤ ውሃ ገብቶበታል። መዝጋቢው አሥራ ዘጠኙን ቀን ሙሉ ዝናቡን ሳያጓድል መዝግቦ ኖሯል፤ ያጠፋነው እኛው ነን። በአቅራቢያችን የነበረው የእጅ ዝናብ መለኪያ 14 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ የሐምሌ ዝናብ ደግሞ ከጉብታው ወዲህ ዘንቦ ወዲያ ሊቀር ስለሚችል ምትክ ሊሆነን አልቻለም። የዚያ ዓመት ሙከራ ያለ ውጤት ቀረ።

በመሆኑም የተቋረጠ መዝጋቢ ዘንድ የደረሰ ሠራተኛ የመጀመሪያ ሥራው ኮምፒዩተሩን በኬብል አገናኝቶ ያለውን መረጃ መገልበጥ ነው። ተገልብጦ የመጨረሻው መስመር የዛሬን ቀን መያዙ እስኪታይ ድረስ ሌላ ነገር አይነካም።

ከተከላ በፊት

መዝጋቢው ስንት ቀን መያዝ እንደሚችል አስቀድሞ ይሰላ። በየ15 ደቂቃው የሚመዘግብ መሣሪያ በቀን 96 መስመር ይጽፋል። 10,000 መስመር የሚይዝ ከሆነ ከ104 ቀን በኋላ ይሞላል፤ ከዚያም አብዛኞቹ የቆየውን እያጠፉ በላዩ ይጽፋሉ። እንግዲህ ግንኙነቱ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ቢቋረጥና እስከ መስከረም መጨረሻ ማንም ባይሄድ የሰኔ ዝናብ ጠፋ ማለት ነው።

ሌላው ሰዓት ነው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በአገራችን ካየናቸው ስሕተቶች ሁሉ ተደጋጋሚው ነው። መዝጋቢው የሚሞላው በሌሊቱ እኩሌታ በሚጀምረው አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ሰዓት ደግሞ ከንጋት ይጀምራል። የእጅ ሰዓቱን አይቶ የሞላ ሠራተኛ መረጃውን በሙሉ በ6 ሰዓት ያዛውረዋል። በሌላ በኩል በስልክ መረብ በኩል ሰዓቱን የሚያስተካክል ሞደም አንዳንድ ጊዜ የግሪንዊችን ሰዓት ይይዛል፤ ይህም ከምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። የዕለት ዝናብ የሚቆረጠው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ሰዓቱ ከተዛባ የማክሰኞው ዝናብ በሰኞ ወይም በረቡዕ ይመዘገባል። ድምሩ የተስተካከለ ስለሚመስል ስሕተቱን ማንም አያየውም። ማጣሪያው ቀላል ነው። የፀሐይ ጨረር መለኪያ ካለ ደመና በሌለበት ቀን ከፍተኛው ንባብ መቼ እንደተመዘገበ ይታይ። በመካከለኛው የአገራችን ክፍል ይህ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ከ12፡05 እስከ 12፡45 ባለው ጊዜ፣ በእኛ ከቀኑ 6 ሰዓት አልፎ ይውላል። ከዚህ በሰዓታት ከራቀ ሰዓቱ ተሳስቷል። ሁሉም መዝጋቢዎች በአንድ ዓይነት ሰዓት ይሞሉ፤ የትኛው እንደሆነም በሳጥኑ ክዳን ላይ ይጻፍ።

ኬብል

ከሴንሰር ወደ መዝጋቢ የሚሄዱ ኬብሎች በአብዛኛው በሁለት ዓይነት መንገድ ያነጋግራሉ። አንደኛው ኤስ-ዲ-አይ 12 የሚባለው ባለ ሦስት ሽቦ ነው። እስከ 60 ሜትር ድረስ ያገለግላል። እዚህ ላይ የሚያጋጥመው ችግር ሴንሰሮቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ሁሉም መለያ ቁጥራቸው 0 መሆኑ ነው። ሁለቱ በአንድ መስመር ሲገቡ ለአንድ ጥሪ ሁለቱም በአንድነት ይመልሳሉ፤ መዝጋቢውም የማይረባ ቁጥር ይጽፋል ወይም ምንም አይጽፍም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሴንሰር ቢሮ ውስጥ ለብቻው ተያይዞ መለያው ይለወጥ፤ ቁጥሩም በኬብሉ ጫፍ ላይ ይጻፍ። መለያው የተረሳ እንደሆነ ሴንሰሩ ለብቻው ሆኖ «?!» ሲላክለት ቁጥሩን ይናገራል።

ሁለተኛው አር-ኤስ 485 ነው። በሁለት የተጠመዘዙ ሽቦዎች ዝግ ባለ ፍጥነት እስከ 1200 ሜትር ይሄዳል። መሣሪያዎቹ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተራ በተራ ይያያዛሉ እንጂ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ከአንድ ስካቶላ አይበተኑም። በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ 120 ኦም ሬዚስተር ይገባል። ኃይሉ ተቋርጦ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል በቴስተር ሲለካ 60 ኦም ገደማ ከታየ ደኅና ነው። 120 ከሆነ አንዱ ጫፍ ጎድሏል ወይም መሐል ላይ ሽቦ ተበጥሷል። 40 ከሆነ አንድ ሰው ሦስተኛ ጨምሯል። ሁለቱ ሽቦዎች ተለዋውጠው ከሆነም መስመሩ አይሠራም። ፋብሪካዎች በስያሜው ስለማይስማሙ ቀይሮ መሞከር ይቻላል፤ መሣሪያውን አይጎዳውም።

ኬብል በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆኖ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይቀበር። የበሬ ማረሻ እዚያ አይደርስም። በቱቦው ሁለት ጫፍ ፍልፈልና አይጥ እንዳይገቡ ይደፈን። በመረሬ አፈር ላይ ግን ኬብሉ ተወጥሮ መቀበር የለበትም። አፈሩ በበጋ ተሰነጣጥቆ ሲሸሽ ኬብሉን ይጎትታል፤ ስለዚህ እንደ እባብ እየተጣመመ ይዘርጋ። የእርጥበት ሴንሰሩም ስንጥቅ አጠገብ ከዋለ የሚለካው አየር ነው። ይህ የግንኙነት ብልሽት ይመስላል፤ አይደለም።

ኃይልና አንቴና

ሞደም በሚልክበት ቅጽበት ብዙ ኃይል ይስባል። ደካማ ባትሪ መዝጋቢውን እያሠራ ሞደሙን ግን ሊያስነሣ አይችልም። መለያው ይህ ነው፤ መረጃው ከቀትር በኋላ ይደርሳል፣ ሌሊትና ማለዳ ይቋረጣል፣ በሐምሌና በነሐሴ ይብሳል። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.7 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 11.8 ከደረሰ ባዶ ነው። ሆኖም ባትሪ ሲያርፍ ደኅና መስሎ ሲሠራ ሊወድቅ ስለሚችል ሞደሙ እየላከ ሳለ ይለካ።

ሶላር ፓኔሉን በሚመለከት የውጭ መመሪያዎች 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ አዘንብሉት ይላሉ። ይህ ለእነርሱ አገር ነው። በእኛ አገር በክረምት ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ስለምታልፍ እንዲህ የቆመ ፓኔል በጣም በሚፈለግበት ወር ይራባል። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ደቡብ ቢያዘነብል ዝናቡ አቧራውን ያጥበዋል፤ ብርሃኑም ብዙ አይጎድልበትም።

የስልክ መረብ ባለበት ቦታ ሞደሙ የምልክቱን ጥንካሬ ከ0 እስከ 31 ባለው ቁጥር ይነግረናል። ከ10 በታች ሲሆን አንቴናው ከፍ ይበል ወይም ቦታው ይለወጥ። 99 ማለት ምልክቱን ማወቅ አልቻለም ማለት እንጂ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ ይህን በጣም ጥሩ አድርገው የጻፉልን ረዳቶች አሉ። ሲም ካርዱ ወደ ሞደሙ ከመግባቱ በፊት በእጅ ስልክ ተሞክሮ የምስጢር ቁጥሩ ይነሣ፤ ሒሳብና የዳታ አገልግሎት መኖሩም ይረጋገጥ።

የስልክ መረብ በማይደርስበት ማሳ ላይ መዝጋቢዎች በሬዲዮ፣ ለምሳሌ በሎራ፣ ወደ አንድ ተቀባይ ይልካሉ። የሚፈቀደው ሞገድ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ተጠይቆ ይያዝ። በሰኔ ያለ ችግር የሠራ ሬዲዮ በነሐሴ ሲቋረጥ መሣሪያውን ከመውቀስ በፊት በቆሎውን መመልከት ያስፈልጋል። ቁመቱ ከ2 ሜትር ያለፈ፣ ቅጠሉ ውሃ ያዘለ በቆሎ ሞገዱን ይጋርዳል። አንቴናዎቹ መተያየታቸው ብቻ አይበቃም፤ ከመስመሩ በታችም ክፍት ቦታ ይፈለጋል። በ868 ሜጋ ኸርዝ ለ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ይህ ክፍተት መሐል ላይ 5.5 ሜትር፣ ለ400 ሜትር ደግሞ 3.5 ሜትር ያህል ነው። ቁመቱ የሚቆጠረውም ከሰብሉ ጫፍ እንጂ ከመሬት አይደለም።

የአንቴናው መጋጠሚያ በሚለጠጥና ውሃ በማያሳልፍ ናስትሮ ከታች ወደ ላይ ይጠቅለል። ኬብሉ ወደ ሳጥኑ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ተቆልምሞ ይመለስ፤ የዝናብ ውሃ ከጎበጠው ላይ ይንጠባጠባል። ምሰሶው፣ አንቴናውና መዝጋቢው ከአንድ የመሬት ዘንግ ጋር ይያያዙ። ሁለት ዘንግ ለየብቻ ከተተከለ መብረቅ በአቅራቢያ ሲወድቅ ኃይሉ በመሣሪያው ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ብልሽት ሲያጋጥም

ከቢሮ ሳይነሡ የሚጣራ ነገር አለ። ከአንድ ተቀባይ የሚላኩ ሁሉም መዝጋቢዎች በአንድ ሰዓት ከተቋረጡ ችግሩ ከተቀባዩ፣ ከስልክ መረቡ ወይም ከቢሮው ኮምፒዩተር ነው፤ ለየማሳው መኪና ማስነሣት ነዳጅ ማባከን ነው። አንዱ ብቻ ከተቋረጠ ማሳው ይታይ። መረጃው ደርሶ አንድ ሴንሰር ብቻ ከጎደለ መንገዱ ደኅና ነው፤ ስሕተቱ ከመዝጋቢው ወዲያ ባለው ኬብል ላይ ነው።

ማሳው ላይ መረጃው ከተገለበጠ በኋላ ኃይሉ፣ ቀጥሎ አንቴናው፣ ቀጥሎ ሲም ካርዱ፣ መጨረሻ ላይ ፕሮግራሙ ይታያል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ባትሪውንም፣ ሲም ካርዱንም፣ አንቴናውንም አንድ ላይ ቀይሮ የተመለሰ ሠራተኛ መሣሪያውን ቢያሠራውም ምን እንደተበላሸ ሳያውቅ ይቀራል፤ የሚቀጥለው ወር ያው ይደገምበታል።

ከመቋረጥ የሚከፋ አንድ ብልሽት አለ፤ ቁጥሩ ሳይቋረጥ ሲዋሽ። በ2013 ዓ.ም. በጋ በመስኖ በሚለማ የሽንኩርት ማሳ ላይ የቢሮው ኮምፒዩተር አራት ቀን ሙሉ 27 በመቶ እርጥበት ያሳየን ነበር። ግንኙነቱ ተቋርጦ ኮምፒዩተሩ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ መቅረቱን አላስተዋልንም። የሽንኩርት ሥር በአብዛኛው ከላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር አይወርድም፤ አራት የበጋ ቀን ለእርሱ ብዙ ነው። የማሳው ባለቤት በሁለተኛው ቀን ደውለው ቅጠሉ እየወደቀ መሆኑን ነግረውናል፤ እኛ ግን ውሃው ይበቃል ብለን አስጠበቅናቸው። በአራተኛው ቀን ሳይጠይቁን አጠጡ። ከምርቱ የጎደለውን በወንድማዊ ቃል አለፉልን እንጂ የጎደለው የእርሳቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለገበሬ የሚላክ ማንኛውም ቁጥር የተለካበትን ቀንና ሰዓት ይዞ እንዲወጣ አድርገናል። ከ3 ሰዓት በላይ የቆየ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ቦታውን ባዶ ይተዋል። እንዲሁም የአፈር እርጥበት ንባብ ለአንድ ቀን ሙሉ በአንድ አሥረኛ እንኳ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ የጥርጣሬ ምልክት ይደረግበታል። ባለማሳው ቅጠሉ ጠወለገ ካሉ ደግሞ ቁጥሩ ምንም ቢል በዚያው ዕለት አፈሩ በእጅ ተቆፍሮ ይታያል።

በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ አንድ ደብተርና እርሳስ ይቀመጥ፤ እስክሪብቶ በእርጥበት ይጠፋል። የመጣው ሰው ስሙን፣ ቀኑን፣ እየላከ ሳለ የለካውን ቮልት፣ የምልክቱን ቁጥርና የለወጠውን ነገር ይጻፍ። ሲወጣም የክዳኑ ላስቲክ ኬብል ነክሶ አለመቅረቱን በጣቱ ዞሮ ይዳስስ፤ ቀለሙ የተለወጠ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ካለም ይቀይር።