ድመትና ስጋጃ በአንድ ቤት
(ስለ ቤት ንጽሕና የቀረበ ትምህርት)

ጌይ ጋር የሚባለውን የሐረሪዎችን ቤት የጎበኘ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ የቤቱ ክብር የሚታየው ነደባ በተባሉት ከፍና ዝቅ ብለው በተሠሩት መቀመጫዎችና በላያቸው በተነጠፉት ስጋጃዎች ነው። እንግዳ ጫማውን አውልቆ ይቀመጥበታል፤ አባወራው ይሰግድበታል፤ ሕፃን ይድኽበታል። ስለዚህ ስጋጃ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የሰው ገላ ዘወትር የሚነካው ዕቃ በመሆኑ፥ ንጽሕናው የጤና ጉዳይ ነው።

ድመትም በዚህ አገር ጠቃሚ እንስሳ ናት። በጀጎል ዙሪያ በድሬ ጠያራ ወረዳ ያለው ገበሬ ማሽላውንና በቆሎውን ከአይጥ ታስጥልለታለች፤ የከተማውም ነዋሪ ስለዚሁ አገልግሎቷ ያሳድጋታል። ነገር ግን በስጋጃው ላይ ሸንታ ወይም በጥፍሯ ቧጭራው የተገኘች እንደ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ የሚፈረድባት መደብደብ ወይም ከቤት መጣል ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው፥ ይህ ቅጣት የጥፋቱን ምክንያት አይነካም። ድመት ስጋጃ የምታበላሸው በአብዛኛው ቤቱ ያላሟላላት ነገር ስላለ ነው፤ ጉዳቱም ችላ ከተባለ ከስጋጃው አልፎ እስከ ሰው ይደርሳል።

የጥፋቱ ምክንያት

ድመት በተፈጥሮዋ ለስላሳ አፈር ጭራ ትጸዳዳለች፥ መልሳም ትቀብረዋለች። ከገጠር የመጣች ድመት የለመደችውን ልቅ አፈር በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ በተነጠፈ ግቢ ውስጥ ስታጣ፥ ለእግሯ የሚለሰልሰው ስጋጃ ምትክ ይሆንላታል። መቧጨሯም ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ያረጀውን የጥፍሯን ቅርፊት ለመጣልና በመዳፏ ያለውን ጠረን ለምልክት ለመተው የምታደርገው ነው። ያልተኮላሸ ወንድ ድመት ደግሞ ግዛቱን ለማመልከት ሽንቱን ይረጫል። ንጹሕ የነበረች ድመት በድንገት አመሏ ከተለወጠ ሕመም ሊኖርባት ስለሚችል ለእንስሳት ሐኪም ትታይ። በተለይም ወንዱ እያማጠ ሽንት እንቢ ካለው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ስለሚችል፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

የሽታው ጠባይና አጠባው

በድመት ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ የተባለው ንጥረ ነገር በረቂቃን ነፍሳት ሲፈርስ አሞኒያ ይወጣዋል። ፌሊኒን የሚባለውም ሲበላሽ ያን የታወቀውን ከባድ ጠረን ይሰጣል። በተጨማሪም ዩሪክ አሲድ በውኃ በቀላሉ የማይሟሟ ደቃቅ ቅንጣት ሆኖ በክሩ ውስጥ ይቀራል። በውኃ ብቻ የታጠበ ስጋጃ የጸዳ መስሎ ቆይቶ ዝናብና እርጥበት ሲመጣ እንደገና የሚሸተው ስለዚህ ነው። ከሰው አፍንጫ የተሰወረውን ሽታ ድመቲቱ ታገኘዋለች፤ የተለመደ ቦታዋ መስሏትም ትመለስበታለች። አጠባው እንደሚከተለው ይሁን።

አንደኛ፤ ሽንቱ ሳይደርቅ በደረቅ ጨርቅ እየተጫኑ መምጠጥ እንጂ ማሸት አይገባም፤ ማሸት ወደ ውስጥ ያሰርገዋል።

ሁለተኛ፤ በቀዝቃዛ ውኃ ካለቀለቁ በኋላ አንድ እጅ ኮምጣጤ ከሁለት እጅ ውኃ ጋር ቀላቅሎ ማርጠብ ነው። ቀለሙ እንዳይለቅ አስቀድሞ በስጋጃው ጥግ ይሞከር።

ሦስተኛ፤ ሲጠነፍፍ ቢካርቦናት የተባለውን የመጋገሪያ ሶዳ ነስንሶ አሳድሮ ማራገፍ፥ ከዚያም ነፋስ በሚገባበት ቦታ ፈጽሞ እስኪደርቅ ማስጣት ነው። የሽንትን ቅሪት የሚያፈርስ ኤንዛይም ያለበት ማጽጃ የሚገኝ ከሆነ ይበልጥ ይረዳል።

በሽንት ላይ በረኪና ማፍሰስ ግን አደገኛ ነው። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብና መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ሳንባን ይጎዳል። በረኪናን ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀልም ክሎሪን የተባለ ሌላ መርዘኛ ጋዝ ስለሚያወጣ እንዲሁ የተከለከለ ነው።

ለድመቲቱ የሚደረግላት

በባሕር ማዶ በተማርንበት አገር በየቤቱ ለድመት የሚሆን ሣጥን ይዘጋጃል። እ.ኤ.አ. በ1947 ኤድዋርድ ሎው የተባለ አሜሪካዊ በአመድ ትጠቀም ለነበረች ጎረቤቱ ሽንት የሚመጥ የሸክላ አፈር ስለ ሰጣት፥ ነገሩ ሰፊ ንግድ ሆነ። ለእኛ ግን የሚገዛ ነገር ግድ አይደለም፤ አሮጌ ሳፋ ወይም የእንጨት ሣጥን ደረቅ አሸዋ ሞልቶ፥ ከምግቧ ራቅ ባለ ጸጥተኛ ጥግ ማኖር ይበቃል። ለአንዲት ድመት ሁለት ሣጥን ቢኖር ይሻላል። ለመቧጨሪያም በቃጫ ገመድ የተጠቀለለ ጠንካራ እንጨት በስጋጃው አጠገብ ይተከልላት። ወንዱን በእንስሳት ሐኪም ማስኮላሸት የመርጨት አመሉን በብዛት ያስተዋል።

ዱላ ግን ድመቲቱን ተደብቃ እንድትሸና ከማድረጉም በላይ መነከስን ያመጣል። የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም የሚተላለፍ መሆኑን አውቆ፥ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ድርጅት ይሂድ።

ነፍሰ ጡርና ሕፃን

ቶክሶፕላዝማ ጎንዲ የሚባለውን ረቂቅ ተውሳክ ኒኮልና ማንሶ የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1908 በቱኒስ አገኙት፤ ድመት በዐይነ ምድሯ የምታሰራጨው መሆኗ ግን በሚገባ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ ነው። ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትያዝ ተውሳኩ ወደ ጽንሱ ተሻግሮ ማስወረድን ወይም የዓይንና የአንጎል ጉዳትን ሊያስከትል ይችላል። ሆኖም ተውሳኩ ከድመቲቱ በወጣበት ሰዓት ሰውን አይዝም፤ ለመያዝ ኃይል የሚያገኘው ከ1 እስከ 5 ቀን ከቆየ በኋላ ነው። እንግዲህ ሣጥኑን በየቀኑ የሚያጸዳ ቤት ከአደጋው አብዛኛውን ያስወግዳል።

ሥራውን ነፍሰ ጡሯ ሳትሆን ሌላ ሰው ይሥራው። ሌላ ሰው ከሌለ እጇን በጓንት ወይም በላስቲክ ሸፍና፥ ከዚያም በሳሙና ትታጠብ። ደግሞም ይኸው በሽታ በጥሬ ሥጋና ባልታጠበ አትክልት ስለሚገባ፥ ድመቲቱን አባሮ ጥሬ ሥጋ መብላት ጥንቃቄ አይባልም። በስጋጃ ላይ የሚድኽ ሕፃን ጭርትና ቁንጫም ከድመት ሊያገኘው ስለሚችል፥ ስጋጃው በየጊዜው ወደ ውጭ ወጥቶ ይራገፍ፤ ጠጉሯ የረገፈ ድመትም እስክትድን ከልጆች ትለይ።

ለመምህራን

ይህን ትምህርት ለተማሪዎች ካነበባችሁ በኋላ የሚከተሉትን ጥያቄዎች እንድታቀርቡ በአክብሮት እንጠይቃለን።

1. በውኃ ብቻ የታጠበ ስጋጃ እንደገና የሚሸተው ስለምንድን ነው?
2. በሽንት ላይ በረኪና ማፍሰስ ምን ጉዳት ያመጣል?
3. የአሸዋው ሣጥን በየቀኑ መጽዳት የሚገባው ስለምንድን ነው?
4. በቤታችሁ ለድመት የሚሆን ሣጥን በየትኛው ጥግ ቢቀመጥ ይሻላል?

አራተኛውን ጥያቄ ልጆቹ ከእናቶቻቸው ጋር ተመካክረው ይመልሱት። አንድ ሳፋ አሸዋ ስጋጃውን ከመበላሸት፥ ድመቲቱን ከዱላ፥ ነፍሰ ጡሯንም ከሥጋት ያድናል።